ለስላሳ መንጠቆ፣ ጠንካራ ክር

ጋሽ ተክሌ ቀጭኗን መንጠቆ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ጫን ሲላት ቀና አለች። እንደገና ጫን ሲላት ተመልሳ ጎበጠች።

«የሚያስፈልግህ ይቺ ናት» አለው አባቴን። «የምትታጠፍ መንጠቆ፣ የማይበጠስ ክር።»

«የምትታጠፍ መንጠቆ ምን ትሠራልኛለች? ዓሣው አጣጥፏት ሊሄድ ነው?»

«ዓሣው አያጥፋትም። ክራፒ እኮ መዳፍህን የምታክል ናት፤ አፏም እንደ ወረቀት ስስ ነው። የሚያጥፋት እንጨቱ ነው። ቅርንጫፍ ሲይዝብህ ክሩን ሳትቸኩል ትስባለህ፣ መንጠቆዋ ትቃናለች፣ ትወጣለች። ከዚያ መልሰህ ታጎብጣታለህ። ጠንካራ መንጠቆ ግን አልታጠፍም ብሎ እዚያው ይቀራል፤ ክርህንም ይዞ ነው የሚቀረው።»

ሱቋ ወደ በርክ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ቤት ነበረች፤ ጎማና እርጥብ አፈር ትሸታለች። ጥግ ላይ ለማጥመጃ የሚሸጡ ትንንሽ ዓሦች ገንዳ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ዓሦቹን ትቼ ግድግዳውን ነበር የማየው። የሚያብለጨልጩ ዘንጎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ክሩን የሚጠቀልል፣ ሲያዞሩት ትርርር የሚል ሪል ተገጥሞላቸዋል። አባቴ ከእነዚያ አንዱን ይዞ ሐይቁ ዳር ሲቆም በሐሳቤ አይቼው ጨርሻለሁ።

«ያኛውስ?» አለ አባቴ፣ ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ፣ በአገጩ ሪል ያለውን እያሳየ።

«እሱ ለክፍት ውኃ ነው፤ ወርውረህ ለመሳብ። እኛ የምንሄድበት ቦታ ዛፍ ውኃው ውስጥ ተጋድሟል። ክራፒ ደግሞ በዚህ ወቅት እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ቅርንጫፍ ሥር ነው። ወርውረህ ብትስብ የምታወጣው እንጨት ነው። ማገዶ ከሆነ የፈለግከው ንገረኝ።»

አባቴ ሳቀ። ጋሽ ተክሌ ከወደ ጥጉ አንድ ዘንግ መዝዞ አመጣ። ርዝመቱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ያክላል። ሪል የለውም። ጫፉ ላይ ክር የሚታሰርበት ቀለበት ብቻ አለው።

«It doesn't even have a reel» አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ።

«አንቺ፣ አማርኛሽን ሱቁ በር ላይ ጥለሽው ነው የገባሽው?» አለኝ ጋሽ ተክሌ።

«ሪል የለውም» አልኩ በአማርኛ። «የአንተ ግን አለው። መኪናህ ውስጥ አይቼዋለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። እንዲህ ያለ መተያየት አውቃለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ፊት መናገር የማይፈልጉት ነገር ሲመጣ በዓይን የሚቀባበሉት ነው።

«የእኔ ያረጀ ነው፣ ኢፉዬ» አለ ጋሽ ተክሌ። «አባትሽ አዲስ ነገር ይገባዋል።»

እኔ ይሄንን እንደ ሹፈት ነው የወሰድኩት። ለራሱ ሪል ያለው፣ ለአባቴ እርቃኑን የቀረ ዱላ። አባቴ እንዴት ዝም እንዳለው ሊገባኝ አልቻለም። እስከ መኪናው ድረስ ጋሽ ተክሌን ሳላናግረው ሄድኩ፤ እሱም ዘንጉን በመስኮት አሹልኮ እያስገባ፣ «ኩርፊያሽን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጊው፣ ቦታ የለም» አለኝ።

ጋሽ ተክሌ፣ ሙሉ ስሙ ተክለሃይማኖት፣ ላንግሊ ፓርክ በምንኖርበት አፓርትመንት ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ ከባለቤቱ ከእትዬ እታለማሁ ጋር ይኖር ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ኦፍ ባገኘ ቁጥር ዓሣ ለማጥመድ ይሄዳል። የሚገርመው ዓሣው በደንብ የሚገኝበት ወቅት ከሁዳዴ ጋር ይገጥምበታል፤ እትዬ እታለማሁ ደግሞ በሁዳዴ ዓሣ ድስቷን እንዲነካ አትፈቅድም። ስለዚህ ያጠመደውን ሁሉ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ያወርደዋል።

«አንተ ትጾማለህ፣ እኛ እንወፍራለን» ይለዋል አባቴ። «የጾሙ ዋጋ ለማን እንደሚጻፍ እንጃ።»

«ዋጋው ለእኔ ነው። አንተ ኮሌስትሮሉን ውሰድ።»

እንዲህ ሲቀላለዱ ከሰማኋቸው ግን ቆይቷል። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት አባቴ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ታክሲውን ሲነዳ አስፋልቱ በረዶ ነበርና ሌላ መኪና ተንሸራቶ ከጎን መታው። ፊቱን ለመከለል ቀኝ ክንዱን ሲያነሳ የመስኮቱ መስታወት ክንዱ ላይ ተሰበረ። ለብዙ ጊዜ በፋሻ ተጠቅልሎ ቆየ። ከዚያ ፋሻው ተፈታ፤ ከሥሩ የወጣው ጠባሳ የጠበቅኩትን ያህል እንኳ አልነበረም። ለእኔ ፋሻ ከተፈታ ሰው ዳነ ማለት ነው። ነገሩን ዘጋሁት።

እናቴና አባቴ ግን አልዘጉትም ነበር። ማታ ማታ ሳሎን ሲያወሩ እሰማለሁ።

«ምን አሉህ ዛሬ?» ትለዋለች እናቴ ዓይሻ።

«ያው ነው። ታገሥ ነው የሚሉት። ይመለሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው አሉ።»

«ካልተመለሰስ?»

«ዓይሻ።»

እኔ የሚያወሩት ስለ ታክሲው መስሎኝ ነበር። ታክሲው ጋራዥ ነበር። ቀስ ብሎ እንደሚመለስ ስለሰማሁ መስኮት ላይ ሆኜ እጠብቀው ነበር።

አባቴ ሥራ በፈታባቸው በእነዚያ ሳምንታት ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ እየያዘ መጣ። ከሀያትስቪል ጭምር የሚመጡ ነበሩ። እናቴ የሰው ድስት ባዶውን መመለስ ስለማትወድ ጥቂት ቴምርም ቢሆን ጨምራ ነው የምትመልሰው። አባቴ ግን በቴምር የሚረካ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን፣ «የበላንላቸውን ሰዎች በሙሉ ጠርቼ፣ ራሴ ባመጣሁት ነገር ካላበላኋቸው ዕረፍት የለኝም» አለ። «ከሱቅ ገዝቼ አይደለም። በገዛ እጄ አምጥቼ።» የፋሲካው ጾም ሳያልቅ፣ ክራፒዎቹ ከቅርንጫፉ ሥር ሳይወጡ፣ አንድ እሑድ ተቆረጠ። ሐጂ አብራር እንኳ እንደሚመጡ ተነገረ። ሐጂ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲቀመጡ ሁሉም ወንበሩን ያስተካክላል።

እንግዲህ የእኔ ችግር የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርኣን የምንቀራው አንድ አፓርትመንት ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ኡስታዛ ሰጂዳ የምግብ ሥርዓት ስታስተምረን፣ «በቀኝ ነው የሚበላው። በግራው የሚበላው ሸይጧን ነው» አለችን። ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እናቴም ግራ እጄን ቸብ እያደረገች ነው ያሳደገችኝ። ግን ኡስታዛ ስትለው ሸይጧን በግራ እጁ ሲጠቀልል ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጣሁ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ኮሪደሩን አልፌ ወደ ኪችን ስመለከት አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምድጃው ፊት ቆሟል። ከድስቱ ውስጥ እየበላ ነበር። በግራው። በቸኮለ፣ ባልሰለጠነ አያያዝ፤ ሩዙ ከጣቱ እየፈሰሰ ምድጃው ላይ ይንጠባጠባል። ቀኝ እጁ ከጎኑ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል።

ወደ ኋላዬ ተመልሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ጥቂት ቆይቼ ጫማዬን እየጎተትኩ፣ በሩን እያንኳኳሁ እንደ አዲስ ገባሁ። አባቴ እጁን ታጥቦ እየጠበቀኝ ነበር።

«መጣሽ ኢፋት? ቀለም ገባ ዛሬ?»

«ገባ።»

የማየውን የማውቅ መሰለኝ። አባቴ በእኛ ቤት ለፈጅር ሶላት ተነስቶ ሁላችንን የሚቀሰቅስ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያሳልፋል እንጂ ከእንግዳ ጋር አይቀመጥም፤ በተለይ በእነዚያ ሳምንታት ከማንም ጋር አንድ ትሪ ላይ ሲበላ አይቼው አላውቅም። እንዴት ያለ ቸር አባት ነው ያለኝ እያልኩ እኮራበት ነበር። አሁን ሌላ ነገር ገባኝ። ሰው ሲኖር የማይበላው፣ ሰው በሌለበት ሸይጧን አብሮት ስለሚበላ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም፣ ለኡስታዛም። የአባቴን ነገር እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በቀኝ ትከሻችን ላይ መልካሙን የሚጽፍ መልአክ አለ ተብለናል። እኔ በቀኝ እጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ለአባቴ ብዬ የምሠራው ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ቢጻፍለት፣ ድስቱ ላይ ያየሁት ይካካስለት ይሆናል።

ከሱቁ ወጥተን በርክ ሐይቅ ስንደርስ ውኃው ላይ ጉም ነበር። አንድ ትልቅ ዛፍ ከዳር ተገንድሶ ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ተኝቷል፤ ቅርንጫፎቹ ተወሳስበው እንደ ሹራብ ሆነዋል። የጋሽ ተክሌ የእህቱ ልጅ ጆኒ ቀድሞን መጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሪሉ እንደ ጌጥ ያበራል።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ?» አለ የአባቴን ዘንግ ሲያይ። «ይሄ የባንዲራ እንጨት ነው እኮ።»

«እንግዲያስ ሲውለበለብ ተነስተህ ትቆማለህ» አለው ጋሽ ተክሌ።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክሩንና መንጠቆውን ሰጠኝ። «አንቺ እሰሪ» አለኝ። «ጣትሽ ቀጭን ነው።»

ጋሽ ተክሌ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ አሳየኝ። ክሩን በመንጠቆዋ ዓይን ታሾልኪያለሽ፤ ክሩን በራሱ ላይ ደጋግመሽ ትጠመዝዢዋለሽ፤ ጫፉን መጀመሪያ በተፈጠረችው ቀዳዳ ትመልሺዋለሽ፤ ከዚያ በምራቅሽ አርጥበሽ ቀስ ብለሽ ታጠብቂያለሽ። ደረቁን ከሳብሽው ክሩ ይቃጠላል። ከመንጠቆዋ በላይ ለክብደት አንዲት የእርሳስ ፍሬ፣ ከእሷ በላይ ደግሞ የምትንሳፈፍ ትንሽ ቡሽ። ክሩ ከዘንጉ ርዝመት አይበልጥም፤ ከበለጠ ቅርንጫፉ ላይ ይጠመጠምብሻል። ቀኝ እጄን እያየሁ፣ በልቤ ቢስሚላህ እያልኩ አሰርኩ። የመጀመሪያዋ ቋጠሮ ተፈታች። ሁለተኛዋ ያዘች። አባቴ ክሩን በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ ጎተተው፤ አልተፈታም።

«ማሻአላህ» አለ። በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ መንጠቆ የሚያስር ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ጆኒ ወረወረ። ትርርር አለ፤ እውነትም ያምራል። ሳበ። ቆመ። «ስታክ አደረገኝ» አለ። ጎተተ፣ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ በመጨረሻ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሌላ አሰረና ወረወረ። ያም ተያዘ።

«ያቺን ዛፍ በደንብ እሰራት» አለው ጋሽ ተክሌ። «እንዳታመልጥህ።»

አባቴ የዘንጉን ጭራ ግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ክንዱን ዘርግቶ ጫፉን በሁለት ቅርንጫፎች መሃል ባለች እንደ ትሪ ጠባብ ውኃ ላይ አደረሰው። አልወረወረም። መንጠቆዋ በራሷ ክብደት ቀጥ ብላ ወረደች። ቡሿ ቆመች። እኛም ቆምን።

«ክራፒ ዓይኗ ወደ ላይ ነው» አለኝ ጋሽ ተክሌ በሹክሹክታ። «ከሥር መጥታ ነው የምትወስደው። ስለዚህ ቡሹ እስኪሰጥም እንዳትጠብቂ። ሲጋደም ነው ዘንጉ የሚነሳው።»

ቡሿ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ቀስ ብላ ተጋደመች። አባቴ አልነጠቀም፤ የወረቀቱ አፍ እንዳይቀደድ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። ብርማ ሆና፣ ጥቁር ነጠብጣብ ተነስንሶባት፣ በቅርንጫፎቹ መሃል አንዱንም ሳትነካ ወጣች። አባቴ ዘንጉን አዙሮ በአየር ላይ እያወዛወዛት ወደ እኔ አመጣት። ይዤ መንጠቆውን አወጣሁላት። ቀዝቃዛ ነበረች፤ መዳፌ ውስጥ ትመታ ነበር።

በኋላ መንጠቆው እንጨት ያዘበት። ጆኒ ዘወር ብሎ ማየት ጀመረ። አባቴ ክሩን መጀመሪያ ላላ አደረገና እርሳሷ ወርዳ እንድትመታው ነቅነቅ አደረገው። አልለቀቀም። ከዚያ ሳይቸኩል፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ዘንጉን ወደ ኋላ እየገፋ ሳበው። አንድ ነገር እጅ ሰጠ። ክሩ ተመልሶ ሲመጣ መንጠቆዋ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ ነበር። በፒንሳ አጎበጥኳት፤ አባቴም ወዲያው መልሶ ያችው ቦታ ላይ አወረዳት።

ከረፋዱ ላይ ባልዲያችን ሞላ። ጆኒ ማጥመጃው ሁሉ ዛፉ ላይ ቀርቶበት እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። «አባቢ፣ ያንን የባንዲራ እንጨት አንዴ ትራይ ላድርገው?» አለው። አባቴ ሰጠው። እኔ አልሰጠውም ነበር።

ዛሬ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እንጀራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ አንድ ከተማ ነው፣ በሽተኛው ሌላ፤ እኔ መሃል ላይ ሆኜ እሰማለሁ። የሕክምናውን ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ እየሰማሁ፣ ማታ መጽሐፍ እያገላበጥኩ ነው የለመድኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እጁን ስለት የቆረጠው ሰው መጣልኝ። ቁስሉ ድኗል። ሐኪሙ፣ ብርጭቆ መያዝ ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ይይዛል» አለ ሰውየው። «መያዙን ግን አይነግረኝም። ካላየሁት ይወድቃል።»

ዓረፍተ ነገሩን ለሐኪሙ ከማሻገሬ በፊት ይቅርታ ጠይቄ ውኃ ጠጣሁ። ምድጃው ላይ የፈሰሰው ሩዝ ፊቴ መጣ። ቀስ ብሎ ይመለሳል የተባለው ታክሲው አልነበረም፤ የአባቴ ቀኝ እጅ ስሜት ነበር።

የዚያን ሳምንት ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። አርጅቷል፤ አሁንም ከእትዬ እታለማሁ ጋር ይነታረካል። ያን ጊዜ ለአባቴ ሪል ለምን እንደ ከለከለው ጠየቅኩት። ሳቀ።

«እኔ እኮ ያለ ሪል አጥምጄ አላውቅም ነበር» አለ። «አባትሽ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ጀመረ። ላወጣው ፈለግኩ። ግን ወስጄው ባይችልስ? ጨርሶ ይዘጋል። ስለዚህ ቀኝ እጄን ቀበቶዬ ውስጥ ሽጉጬ ለብቻዬ ሄድኩ። ሪሉን በግራዬ ላዞር ስል ዘንጉ ይወድቃል፤ በጉልበቴ ልያዘው ስል እኔ እወድቃለሁ። መንጠቆ አለቀብኝ። በሁዳዴ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አየሁ፤ በረጅም ዘንግ፣ ያለ ምንም ሪል፣ ከቅርንጫፍ መሃል እንደ ጎመን ይለቅማል። ሄጄ ጠየቅኩት። በአንድ እጅ ይቻላል ወይ ስለው ወደ ቀበቶዬ አየና ምንም ሳይጠይቀኝ አሳየኝ። ደጋግሜ ሄድኩ። የትኛው ክር፣ የትኛው መንጠቆ በአንድ እጅ ከእንጨት እንደሚላቀቅ እስካውቅ ድረስ።»

«ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር የሚመጣው» አለች እትዬ እታለማሁ ከኪችን። «ዓሣው ነው አንተን ያጠመደህ እለው ነበር።»

ከመኪናዬ ሳልወርድ ቤቴ በር ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ጣቴ ቀጭን ስለሆነ የተመረጥኩ መስሎኝ ነበር። አባቴ የሌላ ሰው ጣት መዋስ ሲያስፈልገው የተዋሰው የእኔን ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሹመት እስከ ዛሬ አልተሾምኩም።

ያ የተቆረጠው እሑድ ደረሰ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ሰዎቹ መጡ። እናቴ ክራፒዎቹን ጎናቸውን ተልትላ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ነስንሳ፣ ከነአጥንታቸው ጠብሳ ትልቁ ትሪ ላይ ደረደረቻቸው። ለጋሽ ተክሌ ምስር ለብቻው ተሠርቶለታል። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት መኝታ ቤት በር ላይ ሰምቻቸዋለሁ።

«ቁጭ በል ካሉህስ?» አለችው እናቴ።

«አሳልፋለሁ እላለሁ።»

«ሐጂን እንቢ ልትል?»

እናቴም ታውቃለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሐጂ ፊት፣ አባቴ በግራው ቢበላ ምን ይሉታል?

እጅ ተታጠበ። ሁሉም ትሪውን ከበቡ። አባቴ ወገቡን ታጥቆ ውኃና ዳቦ ያመላልሳል። ሐጂ አብራር ዓሣውን ትክ ብለው አዩና፣ «ማን ነው ያመጣው?» አሉ።

«እኔው ነኝ፣ ሐጂ። በገዛ እጄ» አለ አባቴ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየሁት በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

«እናንተ ብሉ፣ እኔ ላሳልፍ።»

«ዓይሻ ታሳልፋለች። አንተ ካልጀመርክ እጃችንን አናነሳም።»

«ይቀዘቅዝባችኋል ሐጂ…»

«ይቀዝቅዝ።»

የሁሉም እጅ ጉልበቱ ላይ ነበር። «እኔ እንኳ ምስሬን አቁሜያለሁ» አለ ጋሽ ተክሌ። «ምስር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ያሳዝናል።» ማንም አልሳቀም።

አባቴ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ጭኑ ላይ አኖረው። ጣቶቹ አልተዘረጉም። ዓሣውን አየ። ዓሣ አጥንት አለው፤ አጥንት በጣት ነው የሚታወቀው። ግራ እጁ መነቃነቅ ስትጀምር አየሁ።

ከበሩ ሥር ተነስቼ ሮጥኩ። በሐጂና በአባቴ መሃል ተሸጉጬ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት በእኛ ቤት ታይቶ አያውቅም። በቀኝ እጄ ከዓሣው ጎን ሥጋ ቀነጠብኩ፤ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ ቢስሚላህ ብዬ ወደ አባቴ አፍ አቀረብኩት። አየኝ። እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። አፉን ከፈተና ጎረሰ።

አዳንኩት ብዬ አሰብኩ። ማንም አላየም፣ ማንም አላወቀም። ሁለተኛም አጎረስኩት። ሐጂ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አጥንት ተሰንቅሮባቸው ይሆናል ብዬ ውኃ አቀበልኳቸው። ተቀብለው ጠጡልኝ።

ሁሉም ያውቁ እንደነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ እንደነበር፣ ቁጭ በል ያሉትም አውቀው፣ ከእንግዲህ እንዳይደበቅባቸው መሆኑን፣ ከጋሽ ተክሌ በኋላ ሄጄ ስጠይቃቸው፣ ሐጂ ከማለፋቸው በፊት ራሳቸው ነግረውኛል። በዚያ ቤት የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከራሴ በላይ ወደ አባቴ ጆሮ ዘንበል ብለው፣ እኔ ሳልሰማ በሹክሹክታ ያሉትንም ያወቅኩት ከራሳቸው ነው። «ዑዝር ያለበት፣ ቀኙ የማይታዘዝለት ሰው በግራው ቢበላ ምንም የለበትም። ይሄንን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ብላ፣ ልጄ፣ እኛም እንብላ» ነው ያሉት።

እኔ ያየሁት ግን ይሄንን ብቻ ነው። አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ግራ እጁን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሳይቸኩል ዘረጋ። ከትልቁ ክራፒ ላይ ሥጋ ቆረሰ። ለራሱ አልነበረም። ወደ እኔ አዞረውና፣ «በይ እንኪ፣ ኢፋት» አለኝ።

ያቺ እጅ ናት። ድስቱ ላይ ያየኋት እጅ። ኡስታዛ ሰጂዳ ያለችውን አሰብኩ፤ በቀኝ ትከሻዬ ያለውን መልአክ አሰብኩ፤ በግራ ትከሻዬም ያለውን፣ ክፉውን የሚጽፈውን አሰብኩ፣ ብዕሩን አንስቶ የሚጠብቀውን። አባቴ የሚሄድበት ሁሉ መሄድ ካለብኝ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። አፌን በሰፊው ከፈትኩ።

አጥንት ነበረበት። ግራ እጁ ገና አልለመደችም ነበርና አልለቀመችውም። ሰዎቹ ሁሉ መብላት ጀምረዋል፣ ጋሽ ተክሌ ስለ ምስሩ መቀለድ ጀምሯል፣ አባቴ ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ አላነሳም። አጥንቱን በምላሴ ወደ ጉንጬ ገፋሁትና ሥጋውን አኝኬ ዋጥኩ።

«ይጣፍጣል?» አለኝ።

«ይጣፍጣል» አልኩት፣ ሌላ እንዲሰጠኝ አፌን መልሼ እየከፈትኩ።